ከ50 ዓመት በኋላ በቀስት ኤልክ ማደን መጀመር፦ ከሥጋው ተነስቶ ወደ ኋላ ማሰብ

የመጀመሪያዋን ኤልክ የጣልኩት በ56 ዓመቴ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ቦታው 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የኮሎራዶ ጫካ፣ መኪናዬ ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ደጋን፣ ስለ ፍላጻ፣ ስለ ድምፅ ማሰማት ሳጠና ከርሜያለሁ። ከፊቴ 225 ኪሎ የምትሆን እንስሳ ስትጋደም ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ ይህ ሁሉ ሥጋ ሳይበላሽ በማን ጀርባ ይወጣል?

ማብራሪያዬን ከመጨረሻው የምጀምረው ለዚህ ነው። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው በቀስት ኤልክ ማደን ሲያስብ መጀመሪያ ማስላት ያለበት ሥጋው የሚወጣበትን መንገድ ነው። የት እንደሚያድን፣ ምን ያህል የሚከብድ ደጋን እንደሚስብ፣ ከስንት ሜትር እንደሚለቅ፣ ሁሉም ከዚያ ይከተላል። በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ሐበሾች እነዚያን ተራሮች በየቀኑ በመኪና መስኮት እናያቸዋለን፤ ብዙዎቻችን ግን የፈረንጅ መዝናኛ አድርገን ትተናቸዋል። እኔም 20 ዓመት መሪ ጨብጬ በግርጌያቸው አልፌያለሁ። አልረፈደም።

መጀመሪያ ቃላት ላይ እንስማማ። ደጋን ስል በእጅ የሚያዘውንና አውታሩ የሚወጠረውን፣ ፍላጻ ስል ተለቆ የሚሄደውን ነው። ኤልክ ደግሞ የአጋዘን ዘመድ ነው፤ አገር ቤት አጋዘን ከምንለው ግን ይለያል። የባሌው የደጋ አጋዘን ቀንዱ አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። የወንዱ ኤልክ ቀንድ ግን የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ይረግፋል፣ እንደ አዲስ ይበቅላል፣ ነሐሴ ላይ የሸፈነው ለስላሳ ቆዳ ተገፎ አጥንቱ ይወጣል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ትልቅ ወንድ 320 ኪሎ፣ ሴት 225 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለው ኮሎራዶ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 300 ሺህ ይጠጋል። ከእነዚህም ብዙው የሚኖረው ማንም ፈቃድ ያለው ሰው ገብቶ ሊያድንበት በሚችል የሕዝብ ደን ውስጥ ነው፤ ዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን አንዱ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። ከአንዲት ሴት ኤልክ አጥንቱ ወጥቶ ከ65 እስከ 75 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ይገኛል፤ ከትልቅ ወንድ 90 ኪሎና ከዚያ በላይ። በእኛ ዕድሜ በወጣ ገባ መሬት ላይ ጉልበትን ሳይጎዱ በአንድ ጊዜ መሸከም የሚቻለው ከ18 እስከ 20 ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ ለአንዲት ሴት ኤልክ አራት ሸክም ያስፈልጋል። መኪናው 2 ኪሎ ሜትር ቢርቅ አራት ጊዜ ተሸክሞ መውጣት፣ ሦስት ጊዜ ባዶ እጅ መመለስ፣ በድምሩ 14 ኪሎ ሜትር ነው። 5 ኪሎ ሜትር ቢርቅ 35 ይሆናል። ወጣቶቹ ከመንገድ 8 ኪሎ ሜትር ገብተው ሲያድኑ ስታዩ አትቅኑ። ለብቻው የሚወጣ የ55 ዓመት ሰው ክልሉ 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቢቻል ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ይሂድ። ለምን ቢባል፣ እናንተ ባዶ ጀርባችሁን ሽቅብ ወጥታችሁ ሥጋው ቁልቁል ቢወርድ ይሻላል። ገደል ውስጥ ገብቶ ኤልክ መጣል የሰዎችን ጓደኝነት ሳይቀር የሚያፈርስ ድካም ነው።

ሰውነትን ማዘጋጀትም ከዚሁ ይነሳል። ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛው ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት 11 ኪሎ ይመዝናል። ሚያዝያ ላይ አንዱን በጀርባ ቦርሳ ጨምሬ የሰፈራችንን ኮረብታ በሳምንት ሦስት ቀን መውጣት ጀመርኩ፤ ሐምሌ ላይ ሁለት አደረግሁት። ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ልቤን አስመርምሬያለሁ፤ ከ50 በላይ የሆነ ሰው ይህን እንዲዘል አልመክርም። ከፍታውም አይናቅ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች፤ «እኛማ የደጋ ልጆች ነን» ይባላል። ዴንቨር ግን 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ቆላ ከተማ ለኖረማ ይብሳል። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ይረሳል። ማደኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሁለት ሌሊት ከፍ ያለ ቦታ ማደር፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ደግሞ ሳይከራከሩ መውረድ።

ፍላጻ እንዴት እንደሚገድል ማወቅ ቀጣዩ ነገር ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ሳይገባን የምንጀምረው እሱን ነው። ጥይት በኃይሉ ይሰባብራል። ፍላጻ ግን የሚገድለው እንደ ቢላ በመቁረጥ ነው። ጫፉ ላይ ብሮድሄድ የሚባል ባለ ምላጭ ብረት አለ፤ የኮሎራዶ ሕግ ስፋቱ ቢያንስ 2.2 ሴንቲ ሜትር፣ ስለቱም ቢያንስ ሁለት እንዲሆን ያዛል። ሁለቱንም ሳንባ በስቶ ካለፈ እንስሳዋ አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ሳትሄድ፣ በደቂቃ ውስጥ ትወድቃለች። ሆድ ውስጥ ከገባ ግን ሰዓታት ትሠቃያለች፤ ምናልባትም ጨርሶ አትገኝም። በሞቷ መቅለልና በሥቃይዋ መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ስለዚህ የሚለቀቀው በጎኗ ስትቆም ወይም ፊቷን ወደዚያ አዙራ በትንሹ ሰያፍ ስትሆን ብቻ ነው። ከፊት እግሯ ጀርባ፣ ከደረቷ ሥር ወደ ላይ አንድ ሦስተኛው ላይ። ፊት ለፊት ከመጣች፣ ቅጠል ከከለላት፣ ከተጨነቀች አይለቀቅም። አንድ ሌላ ስሌት እነሆ፦ ጥሩ ፍላጻ በሰከንድ 85 ሜትር ያህል ይጓዛል። 36 ሜትር ለመድረስ ከ0.4 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። የአውታሩ ድምፅ ግን በ0.1 ሰከንድ ጆሮዋ ጋ ይደርሳል። ሣር እየነጨች ባለችበት አንድ እርምጃ ብትራመድ ሳንባ ላይ ያነጣጠራችሁት ጨጓራ ላይ ያርፋል። የርቀት ወሰናችሁን ሜዳ ላይ እወቁት፦ ሰውነት ሳታሟሙቁ፣ በመጀመሪያው ፍላጻ፣ የእራት ሳህን የሚያክል ነገር ሁልጊዜ የምትመቱበት ርቀት የእናንተ ወሰን ነው። የእኔ 27 ሜትር ነው። ሦስት ክረምት ሠርቼ 30 ማድረስ አልቻልኩም፤ ከ27 በላይ የቆመች ኤልክ ለእኔ የማያት እንጂ የማድናት አይደለችም።

ደጋኑን በተመለከተ ለጀማሪ የምመክረው ኮምፓውንድ የሚባለውን ነው። ጫፎቹ ላይ ክብ ያልሆኑ መዘውሮች አሉት። ስትስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፤ ከዚያ መዘውሮቹ ሲዞሩ በድንገት ይቀላል። ይህን የመጀመሪያ ቀን ሳየው ደነገጥኩ፤ ክንዴ እየተንቀጠቀጠ አውታሩን አገጬ አጠገብ ሳደርስ ሸክሙን አንድ ሰው ከኋላዬ የተቀበለኝ ያህል ነበር። ባለ 60 ፓውንድ ደጋን (ፓውንዱ የደጋኑ ክብደት ሳይሆን አውታሩን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ነው) 80 በመቶ የሚቀንስ ከሆነ ሙሉ ተወጥሮ የምትይዙት 12 ፓውንድ፣ 5 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ኤልኳ ከግንድ ጀርባ ብቅ እስክትል ግማሽ ደቂቃ ወጥሮ መቆየት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 35 ፓውንድ ነው። ለኤልክ ግን 50 ፓውንድ አካባቢ ብትደርሱ ይሻላል፤ ስለቱ የሰላ እስከሆነ 70 አያስፈልግም። አደጋው ትከሻ ላይ ነው። ከ50 በኋላ የትከሻ ጅማት ከተበጠሰ ወራት ያስቀምጣል፤ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ባለ 60 ፓውንድ ገዝቼ፣ በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሬን ማበጠር አቅቶኝ ለሁለት ወር አቁሜያለሁ። መፈተኛው እንዲህ ነው፦ ወንበር ላይ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ከመሬት አንሡ፣ ደጋኑን ወደ ሰማይ ሳትቀስሩ በቀጥታ ወደ ፊት ሳቡ። ካቃታችሁ ከብዷችኋል፤ ቀንሱ። ብዙዎቹ ደጋኖች በብሎን ይላላሉ፣ ይጠብቃሉ። በ40 ጀምራችሁ በወር ሁለት ሁለት ፓውንድ ጨምሩ።

የመሳቢያው ርዝመትም፣ ማለትም አውታሩ ተስቦ የሚደርስበት ርቀት፣ ከክንዳችሁ ጋር ካልገጠመ ትከሻ ይጎዳል። ሁለት እጃችሁን ዘርጉና ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች ለኩ፤ ለ2.5 አካፍሉ። 70 ኢንች ከሆነ 28 ነው። ያገለገለ ደጋን በኢንተርኔት ከመግዛት የቀስት ሱቅ ሄዶ ማስገጠም ይሻላል፤ ለጀማሪ ተሟልቶ የሚሸጠው ከ400 እስከ 700 ዶላር ይገኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፍላጻ ሳይገባበት የተወጠረ አውታር በፍጹም አይለቀቅም። ኃይሉ መሄጃ ስለሌለው ደጋኑ ራሱ ይሰበራል፣ ሰውም ይጎዳል። ልምምዱ በቀን 20 ፍላጻ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ድካሙ መጥፎ ልማድ ያስተምራል።

ወደ ነፋሱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ኤልክ ዓይኗን ልታታልሉት ትችላላችሁ፤ ድምፅም ቢሆን እሷም ጫካ ውስጥ ስትሄድ ቅርንጫፍ ትሰብራለችና ይታለፋል። አፍንጫዋን ግን የሚያታልል ሳሙና፣ ልብስ፣ ሽቶ የለም። ሰው የሸተታት ኤልክ አታመነታም።

የተራራ ነፋስ በቀን ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ በሸለቆው ቁልቁል ይፈሳል፤ ስለዚህ ማለዳ ከሥር የቆመ ሰው ሽታው ወደ ላይ አይሄድም። ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው፣ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ፣ አየሩ ይቀልና ሽቅብ መውጣት ይጀምራል፤ አሁን ከላይ መሆን ይሻላል። ማታ ጥላው ሲመጣ እንደገና ይወርዳል። አስቸጋሪው መሐሉ ነው። ሲቀየር ለአንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ ይንከራተታል፤ በዚያ ሰዓት መንቀሳቀስ እንስሳቱን ማባረር ነው፤ ቁጭ ማለት።

በሁለተኛው ዓመት አስፐን ጫካ ዳር ተንበርክኬ አንዲት ሴት ኤልክ 25 ሜትር ላይ ሣር ስትነጭ አያታለሁ። የሣሩን መቆረጥ እሰማለሁ። ደጋኑን ልስብ ስል ማጅራቴ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ተሰማኝ፤ ከማላብ በኋላ እንደሚሰማ ዓይነት። ከዚያ በፊት ፊቴ ላይ ነበር ነፋሱ። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፣ አንዴ እንደ ውሻ ጮኸች፣ እኔ ሳላያቸው ከኋላዋ የነበሩ ስምንት ኤልኮች ጫካውን እየሰባበሩ ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ዱቄት ያለባት ትንሽ መጭመቂያ ጠርሙስ ከአንገቴ አትለይም። በየደቂቃው ጭስ ታወጣለች፤ ጭሱ የሚሄድበትን አያለሁ። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው፤ ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ አስበልጣታለሁ።

የቀስት ወቅት ብዙውን ጊዜ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፤ በእኛ ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20፣ እንቁጣጣሽንም መስቀልንም አቅፎ። ወሩ የተመረጠው በከንቱ አይደለም፤ የሚዳሩበት ጊዜ ነው። ወንዱ ጥንቃቄውን ይረሳል፣ ከወፍራም ድምፅ ጀምሮ ወደ ቀጭን ፉጨት የሚወጣ ጩኸት ያሰማል፤ ጎህ ሲቀድ ሸለቆ ውስጥ ሲያስተጋባ ሰውነት ይወረዋል። ጀማሪ የወንዱን ጩኸት ለመምሰል አይቸኩል፤ የሴቷን አጭርና ለስላሳ ድምፅ ብቻ ይልመድ። አሳምሮ የማይጮህ ሰው ዝም ቢል የተሻለ ያድናል። ይህም ሆኖ በኮሎራዶ በቀስት ከሚወጡት በዓመት የሚቀናቸው ከ10 ሰዎች አንዱ ቢሆን ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው።

ፈቃዱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ዕድሜው 50 የሞላው ግን ኮርሱን ሳይወስድ በፈተና ብቻ ማለፍ ይችላል። ፈቃዱን የሚሰጠው ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ነው። ቢያንስ 6 ወር በስቴቱ የኖረ ነዋሪ በብዙ ቦታዎች የቀስት ኤልክ ታግ (አንድ ኤልክ ለመጣል የሚያስችለውን ፈቃድ) ያለ ዕጣ ይገዛል። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአይ-25 አውራ ጎዳና በስተ ምዕራብ በዕጣ ነው የሚያገኘው፤ ማመልከቻው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ክሮስቦው የሚባለው ባለ ቃታ ደጋን በቀስት ወቅት የተከለከለ ነው፤ በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩ ፈቃድ ያለው ሰው ካልሆነ በቀር። የእያንዳንዱ ቦታ ደንብ ስለሚለያይ የዓመቱን መጽሔት ሳታነቡ አትውጡ፤ በተለይ ወንድ ለመምታት ቀንዱ ስንት ቅርንጫፍ ሊኖረው እንደሚገባ።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ ያለው ሰዓት ትዕግሥት ይጠይቃል። አትሩጡ። ፍላጻውን ፈልጉና ደሙን ተመልከቱ። ቀላ ያለና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፤ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ነው፤ ከ3 እስከ 4 ሰዓት። አረንጓዴ የሣር ፍርፋሪና ሽታ ካለው ሆድ ነው፤ 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ። የቆሰለች እንስሳ ካልተባረረች ቅርብ ቦታ ትተኛለች፤ ካባረሯት ሸለቆ ተሻግራ ትሄዳለች።

ስትወድቅ ጠላቱ ሙቀት ነው። መስከረም በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፣ የኤልክ ቆዳም እንደ ብርድ ልብስ ወፍራም ነው። ቆዳው በፍጥነት ካልተገፈፈ የታፋው ሥጋ ከአጥንቱ ጀምሮ ይበላሻል። ሆዷን ሳይከፍቱ በአንድ ጎን ገፎ፣ እግሮቹን፣ ሽንጡን አውጥቶ ገልብጦ መድገም ይቻላል፤ ብቻውን ላለ ሰው ይህ መንገድ ይቀላል። አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ ጥላ ላይ መስቀል፤ ፕላስቲክ አይደረግም። ሕጉ አራቱን እግር፣ ሽንጡንና ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ሥጋ የግድ እንድታወጡ ያዛል፤ የጾታዋ ማስረጃም ከሥጋው ሳይለይ መቆየት አለበት። እኔ የዚያን ምሽት ሁለት ሸክም አውጥቼ የቀረውን በማግስቱ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ጨረስን። ከመውጣታችሁ በፊት «ብደውልልህ ትመጣለህ?» ብላችሁ ቃል ያስገባችሁት ሰው ይኑር። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በሳተላይት መልእክት የምትልክ መሣሪያም አትቅር።

ስለ ሃይማኖት ብዙ እጠየቃለሁ። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ጥያቄው በፍላጻ ሞቶ የሚገኘው እንስሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስትደርሱ ትንፋሽ የለውምና። ለሙስሊም ወገኖቻችን ፍላጻው ሲለቀቅ ቢስሚላህ ከተባለና በስለቱ ወግቶ ከገደለ እንደሚፈቀድ የታወቀ ነው። ኦርቶዶክሳውያን ግን ነገሩን ከመስከረም በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፤ ሥጋው ፍሪጅ ከገባ በኋላ ቤተሰብን ማከራከር ተገቢ አይደለም። እኔ ታጉን ከመግዛቴ በፊት ጠይቄያለሁ።

ሌላው ሲ ደብሊው ዲ የሚባለው የአጋዘኖች የአንጎል በሽታ ነው። መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ሰው ላይ መተላለፉ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ነገር ግን በማብሰል አይጠፋም፣ በምርመራ የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላም የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። ጭንቅላቱን ለምርመራ ስጡና ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ለይታችሁ አቆዩ።

ወጥ ቤት ስትደርሱ ደግሞ ይህን አስታውሱ፤ ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። የዱር ሥጋ በጥሬው አይበላም። ቁርጥም፣ ለብለብም አይሆንም፤ ክትፎው ሙሉ በሙሉ ይብሰል። የኤልክ ሥጋ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጥብሱ ላይ ንጥር ቅቤ ካልበዛ ይደርቃል፤ የእግሩ ሥጋ ለወጥ፣ ሽንጡ ለጥብስ ነው። ያን ዓመት ደመራ የበራው የኤልኳ ውጤት በመጣ በሦስተኛው ቀን ነበር። ባለቤቴ ከታፋው ቀይ ወጥ ሠራች፤ ጎረቤቶቻችን ሁለት ድስት ጨርሰው የበሬ ሥጋ እንዳልሆነ የነገርናቸው ቡና ላይ ነው።